ኦድሪ ሄፕበርን፡- ከአርነም የረሃብ ክረምት እስከ መቀሌ

በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሆሊዉድ ካፈራቸው ተዋንያን መካከል ስማቸው እስከ ዛሬ ሳይደበዝዝ ከዘለቁት ጥቂቶች አንዷ ኦድሪ ሄፕበርን ነች። አብዛኛው ተመልካች የሚያስታውሳት በትልልቅ ዓይኖቿና በቀጭን ቁመናዋ ነው። ያ ቅጥነት በከፊል በልጅነቷ ከደረሰባት ረሃብ የመጣ እንደነበር፣ እንዲሁም ለተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት (ዩኒሴፍ) በአምባሳደርነት የተጓዘችበት የመጀመሪያ አገር ኢትዮጵያ እንደነበረች የሚያውቀው ግን ብዙ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብሎ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኦድሪ ሜይ 4 ቀን 1929 በቤልጅየም ርዕሰ ከተማ በብራስልስ፣ ኢክሴል በተባለው ሰፈር ተወለደች። እናቷ ባሮነስ ኤላ ቫን ሄምስትራ ከሆላንድ መኳንንት ወገን ሲሆኑ፣ አያቷ ባሮን አርናውድ ቫን ሄምስትራ የአርነም ከተማ ከንቲባ፣ ቀጥሎም በደቡብ አሜሪካ የሆላንድ ቅኝ ግዛት የነበረችው የሱሪናም ገዥ ሆነው አገልግለዋል። አባቷ ጆዜፍ ረስተን በቦሂሚያ የተወለዱ የእንግሊዝ ዜጋ ነበሩ፤ ሄፕበርን የሚለውን ስም በኋላ የጨመሩት እርሳቸው ናቸው። ከእናቷ የመጀመሪያ ጋብቻ የተወለዱ አሌክሳንደርና ኢያን የተባሉ ሁለት ታላላቅ ወንድሞችም ነበሯት።

በዚህ ቤተሰብ ታሪክ ውስጥ በዝምታ ሊታለፍ የማይገባ አንድ ጉዳይ አለ። በ1930ዎቹ አጋማሽ ሁለቱም ወላጆቿ ኦስዋልድ ሞዝሊ ይመሩት የነበረው የእንግሊዝ ፋሽስቶች ኅብረት ደጋፊዎች ነበሩ፤ በ1935 ወደ ጀርመን ተጉዘው ከሂትለር ጋር እስከ መገናኘት ደርሰዋል። ይኸው ድርጅት በዚያው ዓመት የሙሶሊኒ ጦር ኢትዮጵያን በወረረበት ጊዜ በኢጣሊያ ላይ ማዕቀብ እንዳይጣል በእንግሊዝ ሕዝብ መካከል ሲቀሰቅስ የነበረ ነው። ኦድሪ ስለዚህ ነገር በአደባባይ መናገርን አልወደደችም። ዝናዋ በገነነበት ዘመን ጉዳዩ ወደ አደባባይ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ የሥራዋን ዕድል ሊዘጋ ይችል እንደነበር መገመት አያዳግትም።

አባቷ በ1935 ቤታቸውን ጥለው ሄዱ። ኦድሪ በዚያን ጊዜ የስድስት ዓመት ሕፃን ነበረች፤ በኋላ ዘመኗም ጦርነቱን ጨምሮ ካሳለፈችው መከራ ሁሉ ይህ እጅግ የከበዳት እንደነበር ተናግራለች። አባትየው ጦርነቱ ሲጀመር በእንግሊዝ መንግሥት ትእዛዝ ለዓመታት ታስረው ቆዩ። ልጃቸው ግን አልረሳቻቸውም። በ1960ዎቹ በቀይ መስቀል አማካይነት አፈላልጋ አየርላንድ ውስጥ ደብሊን ከተማ አገኘቻቸው። ፍቅር ለማሳየት የማይችሉ ሰው ሆነው ብታገኛቸውም በ1980 እስኪሞቱ ድረስ ገንዘብ ትልክላቸው ነበር።

ኦድሪ በእንግሊዝ አገር በኬንት አውራጃ ትምህርቷን ስትከታተል ከቆየች በኋላ፣ በ1939 ጦርነት ሲታወጅ እናቷ ወደ አርነም ወሰዷት። ሆላንድ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ገለልተኛ ሆና ስላለፈች አሁንም ትተርፋለች የሚል እምነት ነበራቸው። ይህ ስሌት የተሳሳተ መሆኑ የታየው ብዙ ሳይቆይ ነው። ሜይ 10 ቀን 1940 የጀርመን ጦር ሆላንድን ወረረ። በጀርመኖች ፊት እንግሊዛዊ የሚመስል ስም መያዝ አደጋ ስለነበረው ልጅቱ ኤዳ ቫን ሄምስትራ ተብላ እንድትጠራ ተደረገ።

የወረራው ዘመን የቤተሰቡን አመለካከት ከሥሩ ለወጠው። ኦገስት 15 ቀን 1942 ጀርመኖች፣ የውስጥ አርበኞች በሮተርዳም በባቡር ሐዲድ ላይ ላደረጉት የጥቃት ሙከራ ብቀላ ይሆን ዘንድ በመያዣነት ያሰሯቸውን አምስት የታወቁ ሰዎች ረሸኑ፤ ከአምስቱ አንዱ የኦድሪ አክስት ባለቤት ኮንት ኦቶ ቫን ሊምቡርክ ስቲሩም ነበሩ። ከወንድሞቿ ኢያን ተይዞ በበርሊን የግዳጅ ሥራ እንዲሠራ ሲወሰድ፣ አሌክሳንደር ተሸሽጎ ከረመ። እናትና ልጅ ከአርነም አጠገብ ወደምትገኘው ወደ ቬልፕ መንደር፣ ወደ አያት ቤት ተዛወሩ።

ኦድሪ በዚህ ሁሉ መካከል የባሌት ዳንስ ትማር ነበር፤ ሕልሟም በዚሁ ሙያ ታዋቂ መሆን እንጂ የፊልም ሥራ አልነበረም። የጀርመኖች የኪነ ጥበብ ምክር ቤት አባል ለመሆን ባለመመዝገቧ በአደባባይ መጨፈር ሲከለከል፣ መስኮታቸው በጥቁር መጋረጃ በተሸፈነ ቤቶች ውስጥ ለጥቂት ተመልካቾች በድብቅ ትጨፍር ጀመር። ተመልካቹ በጭብጨባ ድምፅ እንዳይጋለጥ በዝምታ ይመለከታል፤ የሚሰበሰበው ገንዘብም ለውስጥ አርበኞችና ተሸሽገው ለሚኖሩ ሰዎች ይውላል። በቬልፕ የአርበኞቹ አስተባባሪ ለነበሩ አንድ ሐኪምም መልእክት በማድረስና በመሳሰለው ታግዝ ነበር። ከዚህ በላይ ጀብዱ እንደፈጸመች አድርገው የጻፉ አልታጡም፤ ይሁንና የታወቀው ብቻውን ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ከበቂ በላይ ነው።

በሴፕቴምበር 1944 የተባበሩት ኃይሎች በአርነም ድልድይ በኩል ወደ ጀርመን ለመግባት በፓራሹት ያወረዱት ጦር ተሸነፈ። የአርነም ነዋሪ ከተማውን ለቆ እንዲወጣ ታዘዘ፤ ቬልፕም በተፈናቃይ ተጨናነቀች። በዚያው ወር በስደት ላይ የነበረው የሆላንድ መንግሥት የባቡር ሠራተኞች ሥራ እንዲያቆሙ ጥሪ አድርጎ ስለነበር፣ ጀርመኖች በአጸፋው ወደ ምዕራቡ ክፍል ምግብ እንዳይገባ ከለከሉ። ክልከላው ከሳምንታት በኋላ ቢላላም የውኃ መንገዶች በበረዶ ተዘግተው ነበር፤ ነዳጁም አልቆ ነበር። በታሪክ የረሃብ ክረምት ተብሎ በሚጠራው በዚያ ብርዳማ ወቅት 20 ሺህ ያህል ሰዎች እንዳለቁ ይገመታል። ለም በሆነች፣ እርሻዋ በተደራጀና አስተዳደሯ በሠለጠነ አገር ይህን ያህል ሰው በረሃብ መሞቱ ረሃብ የዝናብ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ካሳዩት የዘመናችን አብነቶች አንዱ ነው።

ቬልፕ የምትገኘው በምሥራቁ ክፍል ቢሆንም ችግሩ አልማራትም። የኦድሪ ቤተሰብ የቱሊፕ አበባ ሥር እስከ መብላት ደረሰ። በኤፕሪል 1945 የካናዳ ወታደሮች መንደሯን ነፃ ሲያወጡ፣ አሥራ ስድስት ዓመት ሊሞላት ሳምንታት የቀሯት ልጅ በደም ማነስ፣ በወፍ በሽታና ከምግብ እጦት በሚመጣ የሰውነት እብጠት ትሠቃይ ነበር። ከወታደሮቹ በኋላ የደረሰው የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታና የማቋቋሚያ አስተዳደር ነው። በምኅጻሩ አንራ ተብሎ የሚታወቀው ይህ መሥሪያ ቤት ምግብ፣ መድኃኒትና ልብስ በትምህርት ቤት አዳራሾች ውስጥ ያከፋፍል ነበር። አንራ ሥራውን ሲያቆም ከቀረው ሀብት ለሕፃናት የሚሆን ድርጅት እንዲቋቋም በዲሴምበር 1946 ተወሰነ፤ ዩኒሴፍም ተወለደ። ኦድሪ ከአርባ ዓመታት በኋላ ለዩኒሴፍ ባለዕዳ እንደሆነች ስትናገር ታስብ የነበረው ይህንኑ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ በአምስተርዳም በሶንያ ጋስኬል ዘንድ ባሌት ተማረች። በ1948 ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝታ ለንደን ወደሚገኘው የማሪ ራምበርት ትምህርት ቤት ሄደች። እዚያ የጠበቃት መልስ መራራ ነበር። ለዋና ባሌት ተወዛዋዥነት ቁመቷ እንደረዘመ፣ ጡንቻዋን ማጠንከር በሚገባት ዕድሜ ደግሞ ረሃቡ እንዳዳከማት በግልጽ ተነገራት። ለአሥር ዓመታት የደከመችበት ዓላማ እንዲህ ተቋጨ። በቂ ገንዘብ ስላልነበራት በለንደን ሙዚቃዊ ቴአትሮች ከአጃቢ ተወዛዋዦች ጋር መሥራት ጀመረች፤ በእንግሊዝ ፊልሞችም አንድ ሁለት ቃል የሚነገርባቸው ትንንሽ ሚናዎች ተሰጧት።

ዕድሏ የተለወጠው በ1951 ነው። በሞንቴ ካርሎ ፊልም ስትቀረጽ፣ ዕድሜያቸው የገፋው ፈረንሳዊት ደራሲ ኮሌት አዩዋት። ኮሌት «ጂጂ» የተባለውን ድርሰታቸውን በኒው ዮርክ በቴአትር ለማሳየት ለዋናው ሚና የምትሆን ልጅ ይፈለግላቸው ነበርና ፍለጋው በዚያው እንዲያበቃ አደረጉ። ይህች በቴአትር መድረክ አንድ ሙሉ ሚና ተጫውታ የማታውቅ ወጣት በኖቬምበር 1951 በብሮድዌይ መድረክ ላይ ቆመች። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ደግሞ ፓራማውንት ለተባለው የፊልም ኩባንያ በለንደን የሙከራ ቀረጻ አድርጋ ነበር። የቀረጻው ኃላፊ ቶሮልድ ዲኪንሰን ፈተናው እንዳበቃ ቢነግሯትም ካሜራው እንዳይቆም በምስጢር አዝዘው ኖሯል፤ የተፈለገውን ሚና ያስገኘላት ከትወናው ይልቅ ከዚያ በኋላ ሳታውቀው የተቀረጸው ጭውውትና ሳቅ ነበር።

የፊልሙ ርዕስ «ሮማን ሆሊደይ» ሲሆን ዳይሬክተሩ ዊልያም ዋይለር ነበሩ። በ1952 በጋ በሮማ ጎዳናዎች የተቀረጸው ይህ ሥራ፣ ከቤተ መንግሥት ሥርዓት ለአንድ ቀን ያመለጠች ልዕልትና የአንድ ጋዜጠኛ ታሪክ ነው። በጋዜጠኛው ሚና የተሰለፈው ግሪጎሪ ፔክ በዘመኑ ስመ ጥር ነበር፤ በውሉ መሠረት ከርዕሱ በላይ መጻፍ የሚገባው የእርሱ ስም ብቻ ነበር። ቀረጻው ከተጀመረ በኋላ ግን የልጅቱ ስም ከእርሱ እኩል እንዲጻፍ ኩባንያውን ራሱ ጠየቀ። በሆሊዉድ እንዲህ ያለ ነገር በገዛ ፈቃድ ሲደረግ ብዙ ጊዜ አይታይም። ፊልሙ በ1953 ለዕይታ በቃ፤ በማርች 1954 ኦድሪ በምርጥ ተዋናይትነት ኦስካር ተሸለመች። በዚያው ሳምንት ውስጥም «ኦንዲን» በተሰኘው ቴአትር የቶኒ ሽልማትን ወሰደች። ዕድሜዋ 24 ነበር።

የዚያው ፊልም ሌላ ሽልማት የደረሰው ለባለቤቱ አልነበረም። የፊልሙን ታሪክ የጻፈው ዳልተን ትራምቦ በኮሙኒስትነት ተጠርጥሮ በአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ መልስ ባለመስጠቱ ታስሮ የነበረና በፊልም ኩባንያዎች ጥቁር መዝገብ ውስጥ የሰፈረ ሰው ነበር። ስሙ ሊጻፍ ስላልቻለ ኦስካሩን የወሰደው ስሙን ያዋሰው ጓደኛው ኢያን ማክሌለን ሃንተር ነው። የሽልማቱ አካዳሚ ስሕተቱን አርሞ ሐውልቱን ለትራምቦ መበለት የሰጠው በ1993፣ ኦድሪ ባረፈችበት ዓመት ነው።

ከዚያ በኋላ የነበሩት አሥራ አራት ዓመታት የፊልም ዝናዋ የደራባቸው ናቸው። በቢሊ ዋይልደር «ሳብሪና» (1954) ከሐምፍሪ ቦጋርትና ከዊልያም ሆልደን ጋር ሠራች። ለዚህ ፊልም ልብስ ለመምረጥ ወደ ፓሪስ በሄደችበት ጊዜ ነው ወጣቱን የልብስ ንድፍ ባለሙያ ሁበርት ደ ዢቫንሺን ያወቀችው። ዢቫንሺ ሄፕበርን መጣች ሲባል በዘመኑ ገናና የነበረችውን ካትሪን ሄፕበርንን ይጠብቅ ስለነበር ቅር ብሎት እንደተቀበላት ይነገራል፤ ወዳጅነታቸው ግን እስከ ዕለተ ሞቷ ዘለቀ። በሴፕቴምበር 1954 ተዋናይና ዳይሬክተር ሜል ፌረርን በስዊዘርላንድ አገባች። «ጦርነትና ሰላም» (1956) እና ከፍሬድ አስቴር ጋር የሠራችው «ፈኒ ፌስ» (1957) በየተራ ተከተሉ።

ከሁሉም ልቆ የሚታየው ግን፣ ብዙ ሰው ዛሬ የማያነሳው «ዘ ነንስ ስቶሪ» (1959) ነው። ዳይሬክተሩ ፍሬድ ዚነማን ፊልሙን በከፊል የቀረጹት ገና በቤልጅየም ቅኝ አገዛዝ ሥር በነበረችው ኮንጎ ነው። ታሪኩ በገዳም ሥርዓት በታዛዥነት ለመኖር የማለች፣ ነገር ግን አገሯ በናዚዎች ስትወረርና አባቷ ሲገደሉ መሐላዋን ይዛ መቆየት ያልቻለች የቤልጅየም መነኩሲትና ነርስ ታሪክ ነው። መነኩሲቷ በእውን የነበሩ ሰው ሲሆኑ ስማቸው ማሪ ሉዊዝ ሃቤትስ ይባላል። ከምንኩስና ከወጡ በኋላ በጀርመን አገር በአንራ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ ሲያገለግሉ፣ ታሪካቸውን በኋላ የጻፉትን ካትሪን ሂዩምን የተዋወቁት በዚያው ነው። ኦድሪን የመገበው መሥሪያ ቤት የዚህ ታሪክ መነሻም ሆነ ማለት ነው። ፊልሙ ሦስተኛውን የኦስካር ዕጩነቷን አስገኝቶላታል።

በ1959 መጀመሪያ በሜክሲኮ በጆን ሂዩስተን ፊልም ላይ ሳለች ከፈረስ ወድቃ የጀርባ አጥንቷ ተሰበረ፤ በአልጋ ላይ ሳለች ካስታመሟት አንዷ እኚያው የቀድሞ መነኩሲት ሃቤትስ ነበሩ። በዚያው ዓመት የጸነሰችው ልጅ ወረዳት፤ የመጀመሪያ ልጇ ሾን የተወለደው በጁላይ 1960 ነው።

በዚሁ ወቅት አንድ ሚና አልቀበልም ማለቷ ስለ ሰውነቷ ብዙ ይናገራል። ዳይሬክተር ጆርጅ ስቲቨንስ የአን ፍራንክን ማስታወሻ ወደ ፊልም ሲለውጡ የአንን ሚና እንድትጫወት ጠየቋት። ከናዚዎች ተሸሽጋ በኋላም በማጎሪያ ካምፕ የሞተችው አይሁዳዊት ልጅና ኦድሪ የተወለዱት በአንድ ዓመት፣ በአምስት ሳምንት ልዩነት ነው። የአን አባት ኦቶ ፍራንክ ስዊዘርላንድ ድረስ መጥተው ጎበኟት። ኦድሪ መጽሐፉን ከጦርነቱ በኋላ ወዲያው አንብባው ነበርና የሕይወቷን ግማሽ እንደገና መኖር ሆኖ ስለታያት ጥያቄውን አልተቀበለችም። የማስታወሻውን ክፍሎች በአደባባይ ለማንበብ የበቃችው በ1990 ነው፤ በኦርኬስትራ ታጅባ ያነበበችውም ለዩኒሴፍ ገቢ ለማሰባሰብ ነበር።

«ብሬክፋስት አት ቲፋኒስ» (1961) በፋሽን ዓለም ያላትን ቦታ ለዘለዓለም ያጸና ሥራ ነው። ደራሲው ትሩማን ካፖቴ ሚናው ለማሪሊን ሞንሮ እንዲሰጥ ፈልጎ ነበር። በፊልሙ ውስጥ በሚኪ ሩኒ የተሠራው የጃፓናዊ ጎረቤት ፌዝ ዛሬ ለማየት የሚያሳፍር ነው፤ የሄንሪ ማንቺኒና የጆኒ መርሰር ዘፈን ግን ኦስካር አግኝቷል። ለ«ማይ ፌር ሌዲ» (1964) አንድ ሚሊዮን ዶላር ተከፈላት። ሚናውን በመድረክ ላይ ያስከበረችው ጁሊ አንድሩስ ነበረች፤ የኩባንያው ባለቤት ጃክ ዋርነር ግን በፊልም አትታወቅም በማለት አልፈዋታል። ኦድሪ ለወራት ድምፅዋን ስታሠለጥን ከቆየች በኋላ አብዛኞቹ ዘፈኖች በማርኒ ኒክሰን ድምፅ ተተኩ። ፊልሙ ስምንት ኦስካር ሲያገኝ እርሷ ለዕጩነት እንኳ አልቀረበችም፤ የዚያን ዓመት ምርጥ ተዋናይት በሌላ ፊልም ጁሊ አንድሩስ ሆነች። ኦድሪ በዚያ ምሽት ተገኝታ ለፊልሙ ባልደረባዋ ለሬክስ ሃሪሰን ሽልማቱን በፈገግታ ሰጠች።

በ1967 «ዌይት አንቲል ዳርክ» በተሰኘው ፊልም እንደ ዓይነ ሥውር ሆና ከተጫወተች በኋላ ለስምንት ዓመታት ያህል ከሲኒማ ራቀች። በዚያን ጊዜ በሙያዋ ላይ የወረደ ውድቀት አልነበረም፤ የእርሷን ፊልም የሚጠብቁ ኩባንያዎች ነበሩ። ከሜል ፌረር በ1968 ተፋታ፣ በቀጣዩ ዓመት ጣሊያናዊውን የአእምሮ ሐኪም አንድሬያ ዶቲን አገባች፤ ሁለተኛ ልጇ ሉካ በ1970 ተወለደ። ይህም ጋብቻ በፍቺ አበቃ። ከ1980 ጀምሮ እንደ እርሷው በሆላንድ የወረራ ዘመን ያደገው ሮበርት ዎልደርስ የሕይወት ጓደኛዋ ሆነ። ኑሮዋ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በስዊዘርላንድ ቶሎሸናዝ በምትባል መንደር ነበር።

የዩኒሴፍ የበጎ ፈቃድ አምባሳደርነት በ1954 በተዋናይ ዳኒ ኬይ የተጀመረ ነው። ኬይ በማርች 1987 አረፈ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ኦድሪ ለዩኒሴፍ በተዘጋጀ የማካው የሙዚቃ ዝግጅት ላይ ተገኝታ አጭር ንግግር አደረገች፤ የድርጅቱ ኃላፊዎችም ይህች ሴት ልትረዳን ትችላለች አሉ። ለአገልግሎቷ በዓመት አንድ ዶላር እንዲከፈላት ተስማማች። ወዲያውም መጋቢት 1980 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ተላከች።

ወቅቱ አስቸጋሪ ነበር። በ1987 የክረምቱ ዝናብ በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ከሽፎ በትግራይና በኤርትራ ሚሊዮኖች ለምግብ እጥረት ተጋልጠዋል። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ጥሪውን በጊዜ ስላሰማና የ1977ቱ ዓ.ም. እልቂት ገና ከኅሊና ስላልጠፋ፣ በዚህኛው ጊዜ እህል ወደቦች ላይ ቀደም ብሎ ደርሶ ነበር። ችግሩ መንገዱ ነበር። በጥቅምት 1987 እርዳታ የጫኑ የጭነት መኪናዎች በአስመራ አካባቢ ጥቃት ደርሶባቸው ተቃጠሉ። ወደ መቀሌ የሚገባው እህል አብዛኛውን ጊዜ ከአስመራ በአውሮፕላን ይጓጓዝ ነበር። ኦድሪ በመጣችበት በዚያው ወር አፋቤት በሻዕቢያ ተያዘች፤ በቀጣዩ ወር መጀመሪያ ደግሞ መንግሥት የውጭ ረድኤት ድርጅቶች ሠራተኞች ከትግራይና ከኤርትራ እንዲወጡ አዘዘ።

ኦድሪ መቀሌ ውስጥ 500 ያህል ሕፃናት የሚገኙበትን ማሳደጊያ ጎበኘች፤ ዩኒሴፍም ለማሳደጊያው ምግብ እንዲልክ አደረገች። ዕድሜዋ 58 ነበር። በጉብኝቱ የተነሡት ፎቶግራፎች የተባበሩት መንግሥታት ፎቶ አንሺ የነበሩት የጆን አይዛክ ሥራዎች ናቸው፤ ያለ ቀለም ቅባትና ያለ ጌጥ፣ በተራ ሸሚዝ፣ ሕፃናትን አቅፋ ትታያለች። ስለ ኢትዮጵያ ረሃብ የውጭ ጋዜጦች ያትሙት የነበረው ፎቶ ከዚህ የተለየ ነበር፤ ዝንብ የወረረው ፊት እንጂ ስም ያለው ልጅ አይታይበትም።

ከኢትዮጵያ እንደተመለሰች በአሜሪካ፣ በካናዳና በአውሮፓ ለጋዜጠኞች በተከታታይ ቃለ መጠይቅ ሰጠች። ጋዜጠኞቹ ስለ ድሮ ፊልሞቿ ሲጠይቋት አጭር መልስ ሰጥታ ወደ ጉዳዩ ትመለሳለች። ያነሳችው ነጥብ ለእርዳታ ሥራ ባለሙያዎች አዲስ ባይሆንም፣ ለአጠቃላዩ አድማጭ ግን አዲስ ነበር። ረሃቡን ድርቅ ቢጀምረውም ሰውን የሚገድለው ጦርነቱ መሆኑን፣ እህል በመጋዘን ተከማችቶ ሕዝቡ ዘንድ አለመድረሱን፣ ሕዝቡም ልመና ሳይሆን ውኃና መሣሪያ እንደሚፈልግ ገለጸች። በየትኛውም ወገን ላይ ጣት ከመጠቆም ተቆጥባለች። ይህን ጥንቃቄ እንደ ድክመት የቆጠሩ ነበሩ፤ ነገር ግን የተባበሩት መንግሥታት ባልደረባ ሆኖ በሁለት ተፋላሚዎች መካከል የሚያልፍ መንገድ የሚለምን ሰው ከዚህ የተሻለ ምን ማድረግ ይችል ነበር?

ዝነኞችን ወደ ድሃ አገሮች ወስዶ ፎቶ ማንሳት በራሱ የሚያከራክር ልማድ ነው። ኦድሪን ከብዙዎቹ የሚለያት አሠራሯ ነው። ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት ስለ አገሩ የተዘጋጁ ሰነዶችን ታጠናለች፤ ንግግሮቿን ራሷ ትጽፋለች፤ ስንት ልጅ እንደተከተበ፣ ለተቅማጥ የሚሰጠው የስኳርና የጨው ድብልቅ ዋጋው ስንት እንደሆነ ታውቃለች። በኦገስት 1988 ቱርክ ሄዳ የክትባት ዘመቻ ተመለከተች። በዚያው ዓመት ኢኳዶርንና ቬኔዝዌላን፣ በ1989 መጀመሪያ የመካከለኛው አሜሪካን አገሮች ጎበኘች። በኤፕሪል 1989 ደቡብ ሱዳን ነበረች፤ መንግሥትና አማፅያን ለእርዳታ መንገድ እንዲከፍቱ በተስማሙበት በላይፍ ላይን ኦፕሬሽን ጊዜ ማለት ነው። በዚያው ወር በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርባ ስለ ሕፃናት መሰከረች። ባንግላዴሽና ቬትናም ተከተሉ።

ኖቬምበር 20 ቀን 1989 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የሕፃናት መብቶች ስምምነትን አጸደቀ። የዩኒሴፍ ዋና ዳይሬክተር ጄምስ ግራንት ለዚህ ሲደክሙ ከጎናቸው ከቆሙት አንዷ ኦድሪ ነበረች። ኢትዮጵያ ስምምነቱን የተቀበለችው በ1991 ነው።

የመጨረሻው ጉዞዋ በሴፕቴምበር 1992 ወደ ሶማሊያ ነበር። መንግሥት ፈርሶ ስለነበር ቪዛ የሚሰጥ አካል እንኳ አልነበረም። በኪስማዮና በባይደዋ ያየችው ከአራት ዓመት በፊት ካየችው የባሰ ነበር፤ በባይደዋ ማለዳ ማለዳ የሕፃናት ሬሳ በመኪና ሲጫን ተመለከተች። ስትመለስ ሆዷን ታማ ነበር። ኖቬምበር 1 ቀን በሎስ አንጀለስ ቀዶ ሕክምና ሲደረግላት ከትርፍ አንጀት የተነሣ ካንሰር መሰራጨቱ ታወቀ። በዲሴምበር ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ከፍተኛውን የአሜሪካ ሲቪል ኒሻን ሰጧት፤ ለመቀበል ግን አቅም አልነበራትም። ለተራ በረራ በመድከሟ ዢቫንሺ የግል አውሮፕላን አስገኝቶላት የመጨረሻውን የገና በዓል ቶሎሸናዝ በቤቷ አከበረች።

ጃንዋሪ 20 ቀን 1993 በ63 ዓመቷ አረፈች። ከአራት ቀን በኋላ በመንደሯ በተፈጸመው የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ ሁለቱም የቀድሞ ባሎቿ ተገኝተዋል፤ ጸሎቱን የመሩት በ1954 ከሜል ፌረር ጋር ያጋቧት ፓስተር ነበሩ። በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽነር ሆነው ያገለገሉት ልዑል ሳድሩዲን አጋ ካን ንግግር አድርገዋል። በማርች 1993 በተካሄደው የኦስካር ሥነ ሥርዓት ለሰብዓዊ አገልግሎት የሚሰጠው የዣን ኸርሾልት ሽልማት ለሁለት ተዋናዮች ተሰጠ፤ አንዱን ለኤድስ ሕሙማን በመቆርቆሯ ኤልዛቤት ቴይለር ስትቀበል፣ የኦድሪን ልጇ ሾን ተቀበለላት።